ለቀጥታ መስመር የተሠራ፦ የማኪታ ባለ 110 ሚሊሜትር የእብነ በረድ መቁረጫ በቤት ሥራ ላይ

ቤት ሠርተው ማጠናቀቂያው ላይ የደረሱ ሰዎች የገዙት የእብነ በረድ ንጣፍ ለመስኮት ደፍ ወይም ለደረጃ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲረዝምባቸው፣ ለዚያች ቁራጭ ብለው ድንጋዩን ጭነው ወደ ማሽን ቤት መመለሱ ስለሚከብዳቸው ግራይንደር ያለው ሰው ግቢያቸው ድረስ ያስጠራሉ። የሚመጣውም ሰው ብዙ ጊዜ ድንጋዩን መሬት ላይ አጋድሞ በእግሩ ይረግጥና መከለያው የወለቀ ግራይንደር በደረቁ ያስነሣበታል፤ ግቢው በነጭ አቧራ ይሸፈናል፣ ሕፃናትም በዚያው አቧራ መካከል ይመላለሳሉ። እዚህ የምገመግመው ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራውን የማኪታን ባለ 110 ሚሊሜትር የእጅ መቁረጫ ነው። ፍርዴን ለማስቀደም ያህል፣ መሣሪያው ቀጥታ መስመር ለመቁረጥ ከግራይንደር በብዙ መንገድ ይሻላል፤ ሆኖም ብቻውን ተገዝቶ የሚሠራበትን ሰው ከአደጋ ይጠብቃል ብሎ ማመን አይገባም።

ከግራይንደር የሚለየው ዋናው ነገር ከሥሩ ያለው ጠፍጣፋ የብረት መቀመጫ ነው። ግራይንደር በአየር ላይ ተይዞ ስለሚሠራ የዲስኩን አቅጣጫም ሆነ ጥልቀት የሚወስነው የሠራተኛው ክንድ ብቻ ነው፤ ክንድ ሲደክም ደግሞ ዲስኩ ይጣመምና በድንጋዩ ውስጥ ተይዞ ማሽኑን ወደ ሠራተኛው ይመልሰዋል። ይህኛው መቁረጫ ግን ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ስለሚንሸራተት ዲስኩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጥልቀቱም አስቀድሞ ተስተካክሎ በብሎን ይጠብቃል። ክብደቱ 3 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን ከ30 ሚሊሜትር በላይ መግባት ስለሚችል በገበያ የተለመዱትን ባለ 2 እና ባለ 3 ሴንቲ ሜትር ንጣፎች ይቆርጣል። እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት በመሆኑና ከ1 እስከ 10 በሚቆጠረው የሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 3 አካባቢ ስለሚገኝ፣ ሞተሩ ሲያቃስት ከተሰማ ጥፋቱ የድንጋዩ ሳይሆን ከመጠን በላይ የሚገፋው እጅ ወይም ያለቀበት ዲስክ ነው።

ስለ ዲስኩ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ለማሽኑ በቂ ገንዘብ የከፈለ ሰው ዲስክ ላይ ሲቆጥብ ማየት የተለመደ ነው። ለእብነ በረድ የሚያስፈልገው ጠርዙ ያልተከፋፈለ፣ ዙሪያውን ሙሉ የሆነ የዳይመንድ ዲስክ ነው፤ ጠርዙ የተከፋፈለው ለኮንክሪት ይፈጥናል እንጂ የተወለወለውን ፊት ይሸርፈዋል። ይህ ማሽን በደቂቃ ከ12,000 ዙር በላይ ስለሚሽከረከር ዲስኩ ላይ የታተመው ከፍተኛ የዙር መጠን ከማሽኑ ማነስ የለበትም፤ ቁጥሩ ያልታተመበትን ዲስክ በነፃ ቢሰጡኝም አልገጥመውም። የብረት መቁረጫ ዲስክ ወይም ጥርስ ያለው የእንጨት ዲስክ እዚህ ማሽን ላይ መግጠም ሕይወትን መድፈር ነው። ዲስኩ ላይ ያለው ቀስት ከማሽኑ ቀስት ጋር መግጠሙም ይታይ፤ ሲገጠምም ሆነ ሲቀየር ገመዱ ከሶኬት መነቀል አለበት።

የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም ውሃው ነው። ቀጭኑ ቱቦ ውሃውን ዲስኩ ላይ ያደርሰዋል፤ ውሃውም ዲስኩን ያቀዘቅዛል፣ አቧራውንም ገና ሳይነሣ ወደ ጭቃነት ይለውጠዋል። የቧንቧ ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር 20 ሊትር ጀሪካን ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጦ ከሥሩ ቱቦ ማውጣት በቂ ነው፤ ግፊት አያስፈልግም፣ ሳይቋረጥ መውረዱ እንጂ። ያም ሆኖ የሚረጨው ጠብታ ራሱ ደቃቅ ድንጋይ ስለሚይዝ ኤን 95 ወይም ተመጣጣኝ ማስክ፣ ዙሪያውን የሚዘጋ መነጽርና የጆሮ መከላከያ ግድ ናቸው። የጨርቅ ማስክ ለዚህ ሥራ ምንም አይፈይድም።

እዚህ ላይ የድንጋዩን ዓይነት ማወቅ የጤና ጉዳይ ይሆናል። ንጹሕ እብነ በረድ ውስጥ ሲሊካ ጥቂት ነው፤ ግራናይት ግን ብዙ ይዟል፣ ለወጥ ቤት ጠረጴዛ የሚሸጠው ሰው ሠራሽ የኳርትዝ ድንጋይ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ሊይዝ ይችላል። የሲሊካ ብናኝ ሳንባን እያጠነከረ የሚገድል፣ መድኃኒት ያልተገኘለት ሲሊኮሲስ የሚባል በሽታ ያመጣል፤ አውስትራሊያ ሰው ሠራሹን ድንጋይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ያገደችው በዚሁ ምክንያት ነው። ሻጩ ሁሉንም «እብነ በረድ» ብሎ ቢሸጥ በንጣፉ ጀርባ ላይ በምስማር ትንሽ ጫር አድርጎ በብናኙ ላይ ሎሚ ማንጠባጠብ ነው፤ እብነ በረድ ከሆነ አረፋ ያወጣል፣ ግራናይትና ኳርትዝ ግን ዝም ይላሉ። ሎሚው የተወለወለውን ፊት ስለሚያደበዝዝ ከጀርባው መሞከሩ የግድ ነው። ሰው ሠራሽ ኳርትዝ ሆኖ ከተገኘ በምንም ዓይነት መሣሪያ ቤት ውስጥ እንዳይቆረጥ እመክራለሁ።

ውሃና 220 ቮልት በአንድ እጅ ሲያዙ የሚያሳስበው ሌላው ነገር ግልጽ ነው። ማሽኑ ከሶኬት ጋር የሚገናኘው ባለሙያዎች አርሲዲ በሚሉት፣ ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፔር በሚቆርጥ መከላከያ በኩል መሆን አለበት፤ ተራው ብሬከር ሽቦን ከመቃጠል ያድናል እንጂ ሰውን ከመያዝ አያድንም። ማራዘሚያ ገመዱ እንደተጠቀለለ ከሠራ ስለሚሞቅ ሙሉ በሙሉ ይፈታ፣ መገናኛውም ከውሃው ርቆ ከመሬት ከፍ ይበል። እንደኛ ከተማ መብራት በየመሐሉ በሚሄድበት ቦታ ደግሞ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ እንዲቀር አድርጎ መሥራት ፈጽሞ አይገባም፤ መብራቱ ድንገት ሲመለስ ማሽኑ ማንም ሳይዘው ይነሣልና።

አቆራረጡ ላይ መሣሪያው ያስደስታል። ንጣፉ በእኩል ከፍታ በተደረደሩ ሞራሌዎች ላይ፣ ከሥሩ ስፖንጅ ተነጥፎለት፣ የሚቀረውም የሚወድቀውም ክፍል ድጋፍ አግኝቶ መጋደም አለበት፤ አንዱ ወገን ከተንጠለጠለ ቁርጡ ዲስኩን ይቆነጥጠዋል። መስመሩ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ ይሰመርበታል፣ ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ጠርዝም በሞርሳ ይታሰርለታል፤ ወተት የመሰለው ጭቃ መስመሩን ወዲያው ስለሚሸፍነው በዓይን ብቻ መከተል አይቻልም። የመጀመሪያው ዙር 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ብቻ ይግባ፤ ፊቱ ሳይሸረፍ የሚቀረው በዚህ ነው። ከዚያ ደረጃ በደረጃ ይጠለቃል። ዲስኩ ወደ ታችኛው ፊት ሲቃረብ ድምፁ ይቀጥናል፤ ያን ጊዜ ግፊቱን ላላ ማድረግ ያስፈልጋል። እስከ ጫፍ ድረስ ከመዝለቅ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርቶ ከተቃራኒው ጫፍ መጀመር ማዕዘኑን ከመሰበር ያድናል፣ በተለይ በዚያ በኩል ደም ሥር የመሰለው የድንጋዩ መስመር የሚያልፍ ከሆነ።

ለብቻ መሥራትም አይመከርም። ባለ 2 ሴንቲ ሜትር እብነ በረድ በካሬ ሜትር 54 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን 2 ሜትር በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የወጥ ቤት ንጣፍ 65 ኪሎ ይሆናል፤ ሁለት ሰው በጠርዙ አቁሞ ይሸከመዋል እንጂ ተጋድሞ ከተነሣ መሐሉ ላይ ይሰበራል። ነጠላ፣ የአንገት ልብስና ሰፊ እጅጌ ከዲስኩ አጠገብ መድረስ የለባቸውም።

መሣሪያው የሚያንስበትም ቦታ አለ። መቀመጫው ሥር የገባ ደቃቅ ድንጋይ የተወለወለውን ፊት ይቧጭራል፤ መቀመጫውን በፕላስተር መሸፈንና በየዙሩ ማጠብ ይረዳል። ውሃው ወደ ሠራተኛው ጉልበት ስለሚረጭ የፕላስቲክ ሽርጥ ያስፈልጋል። ክብ መቁረጥ አይችልም፤ ስለዚህ የእጅ መታጠቢያና የምድጃ ቀዳዳ ለማሽን ቤት ይተው፣ የተቆረጠ ጠርዝ ግን እዚያው ቤት በውሃ በራሰ የብርጭቆ ወረቀት ሊስተካከል ይችላል። ጭቃው ወደ መጸዳጃ ቤት ቱቦ ከፈሰሰ ስለሚደርቅና ስለሚዘጋ በባልዲ ተጠራቅሞ ሲዘቅጥ ውሃው ይደፋል፣ ደለሉ በማዳበሪያ ከረጢት ይጣላል፤ ወለል ላይ የቀረውም ሳይደርቅ መታጠብ አለበት፣ ደርቆ ከተጠረገ ያው አቧራ ነው።

ደረጃዎችን፣ የመስኮት ደፎችንና ዞኮሎ (ከግድግዳ ሥር የሚለጠፈውን ጠባብ ንጣፍ) ለሚያስገቡ፣ ማለትም በርካታ ቀጥታ ቁርጥ ላለባቸው ሰዎች መሣሪያውን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ዋጋው ላይ የዲስኩን፣ የአርሲዲውንና የማስኩን አብረው ይደምሩ። አንድ ወይም ሁለት ቁርጥ ብቻ ላለበት ግን መግዛቱ አያዋጣም፤ ልኩን በትክክል ይዞ ማሽን ቤት ማስቆረጥ ይረክሳል። ገዢው ሱቅ ውስጥ ማሽኑን ያለ ዲስክ ሰክቶ ያስነሣው፣ መከለያው በቦታው መኖሩን ይይ፣ የውሃ ቱቦው በካርቶኑ ውስጥ መኖሩንም ያረጋግጥ።