የቺንግ ቤተ መንግሥት የቡድሃ መሠዊያ ዕቃዎች፦ ክሏዞኔ፣ ፖርሴሊን ወይስ በወርቅ የተለበጠ መዳብ?

ስምንቱ የቡድሃ መልካም ምልክቶች መንኮራኩር፣ ዛጎል፣ ጃንጥላ፣ የድል ሰንደቅ፣ ሎተስ፣ ገንቦ፣ ጥንድ ዓሣና ማለቂያ የሌለው ቋጠሮ ናቸው። እያንዳንዳቸው በሎተስ መቆሚያ ላይ ቆመው በመሠዊያ ፊት ይደረደራሉ። የቻይናው የቺንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ (እ.ኤ.አ. 1736–1795) የቲቤት ቡድሂዝም ትልቅ ደጋፊ ነበር። ቤጂንግ ያለውን የአባቱን የቀድሞ መኖሪያ ዮንግሄን በ1744 ገዳም አደረገው፤ በቼንግዴ ከተማም ሌሎች አሠራ። ለእነዚህ ሁሉ ዕቃ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ የምናየው የዚያ ዘመን ሥራና የእሱ ቅጂ ነው።

የእኔ ምርጫ ክሏዞኔ ነው። በመዳብ አካል ላይ ቀጭን ሽቦ እየታጠፈ ሥዕል ይወጣል። መሀሉ በተፈጨ ባለቀለም ብርጭቆ ተሞልቶ እሳት ይገባል። ብርጭቆው ሲቀልጥ ዝቅ ስለሚል እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ይተኮሳል። በመጨረሻ ተሞርዶ ሽቦው በወርቅ ይለበጣል። በአሮጌ ሥራ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ብታዩ አትደንግጡ፤ የተለመደ ነው። የሚያስፈራው የረገፈ ቀለም በሰም ወይም በሙጫ ተሞልቶ ሲሸጥ ነው። በማጉያ መነጽር ሲታይ የተሞላው ቦታ የብርጭቆ አንጸባራቂነት የለውም። ወርቁንም እዩ። የድሮው ከሜርኩሪ ጋር ተቀላቅሎ በእሳት የተለበጠ ስለሆነ ወፈር ይላል፤ ቀለሙም ሞቅ ያለ ነው። በኤሌክትሪክ የተነከረው ግን ስስ ነው፣ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ያበራል።

ፖርሴሊኑ፣ ማለትም ነጩ የቻይና ሸክላ፣ ጂንግዴዠን በተባለችው የቻይና ከተማ የተሠራ ነው። ለዓይን ከሦስቱም ይበልጣል፤ በሐምራዊና በአረንጓዴ ቀለሙ ማንም ይማረካል። ችግሩ ሾጣጣ ጫፎቹ ናቸው። ሳይሰበር የቆየ ጥቂት ነው፣ ጥገናውም በደንብ ይደበቃል። በአልትራቫዮሌት መብራት ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። ልጅ የሚሯሯጥበት ቤት ካላችሁ ደግሞ እርሱት።

በወርቅ የተለበጠው መዳብ ጠንካራ ነው፤ ቢወድቅ ይጎብጣል እንጂ አይደቅም። ቱርኩይዝ (ሰማያዊ አረንጓዴ ድንጋይ) እና ኮራል (ከባሕር የሚገኝ ቀይ ጌጥ) ይሰካበታል። አንድ ሁለት ድንጋይ ቢጎድል ግድ የለም። ሁሉም አንድ መልክ ከሆነ ግን የተቀባ ወይም ብርጭቆ ሊሆን ይችላል። የብረት ማጽጃ ፈጽሞ አታስነኩት፤ ወርቁን ይዞት ይሄዳል።

ሙሉ ስምንቱን ማግኘት የሀብታም ጨዋታ ነው። ከአምስቱ የመሠዊያ ዕቃዎች፣ ማለትም ከዕጣን ማጨሻው፣ ከሁለቱ መቅረዞችና ከሁለቱ የአበባ ማስቀመጫዎች፣ ጥንድ መቅረዝ ብቻ መግዛት ለጀማሪ ይሻላል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ዕቃው በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደተሠራ የሚገልጸውን ባለስድስት ፊደል የዘመን ማኅተም ነው። እኔ መጨረሻ ላይ ነው የማየው። ማኅተም መቅዳት ቀላል ነው፤ የኋላ ዘመን ሠሪዎችም የቺየንሎንግን ስም እንደልባቸው ጽፈዋል።

ዕቃው ከማን እጅ ወደ ማን እንደሄደ የሚያሳየው ወረቀት ግን ዋጋውን ያህል ይመዝናል። በ1860 እና በ1900 የውጭ ወታደሮች ቤጂንግን ሲዘርፉ ብዙ ዕቃ ወደ አውሮፓ ሄዷል። ቻይናም ከ1911 በፊት የተሠሩ ቅርሶች እንዳይወጡ በመርህ ደረጃ ከልክላለች። ስለዚህ ሻጩን፦ «ከቻይና መቼ ወጣ? ከዚያ ወዲህስ በማን እጅ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። በጽሑፍ ካልመለሰ ዕቃው የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት።