የስኩል ቦርዱ የጉዞ ደረሰኞች እጄ ገቡ፤ ለመዝገብ ቢሮው ሦስት ተኩል ኮከብ

ለትምህርት ዲስትሪክታችን የመዝገብ ጥያቄ ቢሮ ሦስት ተኩል ኮከብ ሰጥቻለሁ። አራት ይገባው ነበር። ግማሹን የቀነስኩት በአንድ ፒዲኤፍ ምክንያት ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ልጆቼ ፐብሊክ ስኩል ይማራሉ። እኔ ሆቴል ነው የምሠራው። ማታ ገብቼ የቀኑን ሒሳብ እዘጋለሁ። የክፍል ዋጋ፣ ታክስ፣ ፓርኪንግ፣ ሚኒባር፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። የሆቴል ቢል ሲሰጡኝ መጀመሪያ የማየው ድምሩን ሳይሆን መሀሉን ነው።

ነገሩ የተነሳው በበጀት ሰሞን ነው። ዲስትሪክቱ ሁለት የአውቶቡስ መስመሮችን ላጣምር ሲል የወላጆች የቴሌግራም ግሩፓችን ተቀጣጠለ። "ለልጆቻችን አውቶቡስ የለም፣ ለቦርዱ ግን ኮንፈረንስ አለ" ተባለ። አንዱ ሃዋይ ሄደው ነበር አለ። ሌላዋ ከነትዳር ጓደኞቻቸው ነው የሚሄዱት አለች። ሁሉም ያወራል፣ ወረቀት ያየ ግን የለም። እኔ ደግሞ ደረሰኝ ሳላይ ሒሳብ ዘግቼ አላውቅም። ስለዚህ የስኩል ቦርዱን፣ ማለትም ዲስትሪክቱን የሚመራውን ቦርድ፣ የጉዞ ሰነድ በሕግ ልጠይቅ ወሰንኩ።

ፎያ (የመንግሥት ሰነድ የመጠየቅ መብት የሚሰጠው ሕግ) ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1966 የፈረሙትን የፌዴራል ሕግ ነው። እሱ የሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ብቻ ነው። የሰፈራችሁን ስኩል ቦርድ አይነካውም። ስኩል ቦርድ የሚጠየቀው በየስቴቱ ሕግ ነው። የቨርጂኒያው በ1968 የወጣ ነው፤ ስሙ ከፌዴራሉ ጋር አንድ ስለሆነ ሰው ይምታታበታል። ከኢንተርኔት ያገኙትን የፌዴራል ደብዳቤ ቀድተው የሚልኩ አሉ። ጉዳት ባይኖረውም አይጠቅምም። በቨርጂኒያ የሕጉን ስም ባትጠቅሱት እንኳ ጥያቄያችሁ ጥያቄ ነው።

ቢሮውን ትቼ ሕጉን ብቻ ብገመግም አምስት ኮከብ እሰጥ ነበር። ጥያቄው በደረሳቸው ማግስት መቁጠር ይጀመራል፣ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። ካልቻሉ ለምን እንዳልቻሉ በጽሑፍ ነግረው 7 የሥራ ቀን መጨመር ይችላሉ። ዝም ካሉ እንደከለከሉ ይቆጠራል፣ ይህም ራሱ ሕግ መጣስ ነው። ፎርም መሙላት ግዴታ አይደለም። ኢሜይል ይበቃል፣ በስልክም ይቻላል። ለምን እንደፈለጋችሁት መናገር አይጠበቅባችሁም። ስምና አድራሻ ግን ሊጠይቁ ይችላሉ፣ ምክንያቱም መብቱ የተሰጠው ለቨርጂኒያ ዜጎችና እዚህ ለሚሠራ ሚዲያ ነው። ከሌላ ስቴት የሚጠይቅን ሰው ጥያቄ አለመቀበል እንደሚችሉ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2013 አጽንቶላቸዋል።

ስምና አድራሻ የሚለው ነገር ጎረቤቴን አስደንግጧቸዋል። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። "አንቺ ልጅ፣ ምን አገባሽ? ስምሽን ጽፈሽ 'ሒሳብ አሳዩኝ' ትያቸዋለሽ?" አሉኝ። "ጋሼ፣ ከእኔም ከእርስዎም ኪስ የወጣ እኮ ነው" አልኳቸው። ጋሼ የራሳቸው ቤት አላቸው፣ የፕሮፐርቲ ታክሱ ደብዳቤ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ትንሽ አሰቡና "እንግዲያው ስትጠይቂ የምሳቸውንም ጠይቂ" አሉኝ።

ከሕጉ ሁሉ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ አንቀጽ ነው። የሠራተኛ የግል ፋይል ሊደበቅ ይችላል። ለባለሥልጣንም ሆነ ለሠራተኛ የተከፈለ አበልና ተመላሽ የተደረገ ወጪ ግን በዚያ ሰበብ አይደበቅም። ሕጉ ይህን ለይቶ ጽፎታል። "የፐርሶኔል ጉዳይ ነው" የሚል መልስ ከመጣላችሁ ይህን አንሱላቸው።

አሁን ወደ አገልግሎቱ ልግባ። የቢሮው ፖርታል ደካማ ነው። አካውንት ክፈቱ ይላል፣ ፓስዎርዱን ይጠይቃል፣ ከዚያ ገጹ ይጠፋል። ተውኩትና ኢሜይል ላክሁ። ደግነቱ የምትመልሰው ሴትዮ ሰው ናት። ጨዋ፣ ፈጣን፣ ቃሏን የምትመዝን። ሆቴላችን ብትቀጠር ፍሮንት ዴስኩን ለብቻዋ ትይዘው ነበር።

ከሁሉ በፊት ዋጋ ጠየቅኩ። ሆቴል ውስጥ ዋጋ ሳይጠይቅ ክፍል የሚይዝ እንግዳ ጠዋት ይጣላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ለፍለጋና ለኮፒ ያወጡትን ትክክለኛ ወጪ ማስከፈል ይችላሉ፣ ትርፍ መያዝ ግን አይችሉም። አስቀድሞ ግምት የመጠየቅ መብት አላችሁ፣ መብቱ እንዳላችሁም ሊነግሯችሁ ይገባል። ግምቱ ከ200 ዶላር ካለፈ ቀብድ ሊጠይቁ ይችላሉ። ለኔ የመጣው ግምት ከ600 በላይ ነበር። ዝርዝሩን ሳየው አብዛኛው ሰዓት የኢሜይል ፍለጋ ነው። ኢሜይል በአንድ ሰው ዓይን መነበብ፣ የተማሪ ስም ካለበት መሸፈን አለበት፣ ሰዓቱ የሚበላው እዚያ ነው። ለእኔ ደግሞ ማን ለማን ምን እንደጻፈ ምን ይሠራልኛል? ኢሜይሉን አወጣሁት። ሰዎቹን የቦርድ አባላትና ሱፐርኢንቴንደንቱ (የዲስትሪክቱ ዋና ኃላፊ) ብዬ ወሰንኩ። ጊዜውን አንድ የበጀት ዓመት አደረግሁት፣ ከጁላይ 1፣ 2023 እስከ ጁን 30፣ 2024። ግምቱ ወደ 38 ዶላር ወረደ።

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፣ ሰው ሁሉ የሚያልፈው ይህንን ነው። "የጉዞ ተመላሽ" ብቻ ብላችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት ሰው ከኪሱ ከፍሎ የተመለሰለትን ቅንጥብጣቢ ነው። የታክሲ፣ የሻንጣ፣ የማይል ሒሳብ። በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ወራት የሥራ ጉዞ ማይል በፌዴራሉ ተመን 65.5 ሳንቲም ነበር፣ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ 67 ሆነ፣ እሱ ይወጣላችኋል። ትልቁ ገንዘብ በዚያ በር አያልፍም። አውሮፕላኑና ሆቴሉ የሚከፈለው አስቀድሞ በዲስትሪክቱ ካርድ ነው፣ ፒ ካርድ በሚሉት። የኮንፈረንሱ መመዝገቢያ ደግሞ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ለአዘጋጁ በቼክ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ጉዞ በሦስት ቦታ ተከፋፍሎ ይቀመጣል። ሦስቱንም በስማቸው ካልጠራችኋቸው ቢሮው የጠየቃችሁትን ብቻ ሰጥቶ ይሸኛችኋል፣ ልክም ነው። እኔ የጠየቅሁት የተመላሽ ቅጾቹን ከነአባሪያቸው፣ የፒ ካርዱን ወርኃዊ መግለጫ ከነደረሰኙ፣ የመመዝገቢያ ክፍያዎቹንና የጉዞ ፈቃድ ቅጹን ነው። የመጨረሻው ማን እንደፈቀደና ለምን ጉዳይ እንደሆነ ይናገራል።

ሆቴሉን በተመለከተ የካርድ ስሊፕ አትቀበሉ። ስሊፕ ላይ ያለው ድምር ብቻ ነው። ፎሊዮ በሉ። ፎሊዮ ማለት እንግዳው ሲወጣ የምንሰጠው ቀን በቀን የተዘረዘረ ቢል ነው። ስንት ሌሊት እንዳደሩ፣ ክፍሉ በኮንፈረንሱ ቅናሽ መያዙን፣ የእራት ዋጋ ወደ ክፍሉ ሒሳብ መዞሩን፣ ሁሉንም ይዟል። ለአንድ ሒሳብ ሠራተኛ ከዚህ የሚጥም ንባብ የለም።

ፋይሎቹ መጡ። በጊዜው መጡ፣ ይህን ልመስክርላቸው። አብዛኛው ጉዞ ቅርብ ነው፤ በኖቬምበር ዊሊያምስበርግ ለሚደረገው የቨርጂኒያ የስኩል ቦርዶች ማኅበር ጉባኤ። በመኪና ሄደው፣ አድረው፣ ተመልሰዋል። ከሁሉ የራቀው በኤፕሪል 2024 ኒው ኦርሊንስ የተካሄደው ብሔራዊ ጉባኤ ነው። ሃዋይ የሚባል የለም። አንድ አባል ጉባኤው ካለቀ በኋላ አንድ ሌሊት ጨምረው አድረዋል፣ ግን የዚያን ሌሊት ዋጋ ለዲስትሪክቱ በግል ቼክ መልሰዋል፣ የቼኩ ኮፒ ተያይዟል። የውሎ አበሉ በፌዴራሉ ተመን ነው የተሠራው፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን ሦስት አራተኛ ብቻ። ለጋሼ የምሳውን ጉዳይ ስነግራቸው ቅር አላቸው።

አንድ ነገር ግን አላለፈኝም። በሌላ ጉዞ፣ በአውሮፕላን የሄደ ሰው ፎሊዮ ላይ የቫሌ ፓርኪንግ (የሆቴሉ ሠራተኛ መኪናችሁን ተቀብሎ የሚያቆምበት) አየሁ። በየሌሊቱ። መኪና የተከራየበት ወረቀት ደግሞ የለም። መኪና የሌለው ሰው ምን አስቁሞ ነው የከፈለው? ሴትዮዋን ጠየቅኳት። ሕጉ ያለ ሰነድ እንድንሰጥ እንጂ ጥያቄ እንድንመልስ አያስገድድም ብላ በትሕትና መለሰችልኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ ጥያቄዬን ወደ ሰነድ ቀየርኩት፤ በእነዚህ ቀናት በዲስትሪክቱ ማንኛውም ካርድ የተከፈለ የመኪና ኪራይ ደረሰኝ ስጡኝ አልኩ። መጣ። መኪናው ለሁሉም በአንድ የተከራየ ነው፣ የተከፈለው በሱፐርኢንቴንደንቱ ቢሮ ካርድ ነው። አብረው ነው የተጓዙት። ምሥጢሩ ይህ ነበር። ቫሌው ትርፍ ነው ብዬ አሁንም አምናለሁ፣ ሁለት ብሎክ ርቆ ርካሽ ጋራዥ አይጠፋም። ግን ሌብነት አይደለም።

አሁን ወደ ፒዲኤፉ። የካርዱ መግለጫ በኮምፒውተራቸው ላይ ኤክሴል ነው፣ ይህ ግልጽ ነው። እነሱ ግን አትመው፣ ስካን አድርገው፣ ጎኑን አዙረው ላኩት። መደመር አይቻልም፣ መፈለግ አይቻልም፣ አንገት ብቻ ነው የሚያሳምመው። ሕጉ ሰነዱ በሥራቸው የሚጠቀሙበት ቅርጽ ካለው በዚያው ቅርጽ የመቀበል መብት ይሰጣችኋል። በመጀመሪያው ኢሜይሌ ላይም ጽፌው ነበር። መልሼ ጻፍኩ፣ ኤክሴሉ መጣ። ከመጀመሪያውስ ምን ይሳናቸው ነበር? ግማሽ ኮከብ።

ጥቁር ቀለሙንም ላንሳ። የካርድ ቁጥርና የቤት አድራሻ ሸፍነዋል፣ ይሸፈን። አንድ ፎሊዮ ላይ ግን ክፍሉ ውስጥ ያደረው ሰው ብዛት ተሸፍኖ ነበር። ቢሮ አንድን ነገር ሲከለክል የትኛው አንቀጽ እንደፈቀደለት መጥቀስ አለበት። አንቀጹን ጠየቅሁ። አንቀጽ አልመጣም፣ ሳይሸፈን ተመልሶ መጣ። አንድ ሰው ነው ያደረው። ለምን እንደሸፈኑት እግዜር ይወቅ።

ውጤቱን ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። ዓመቱን ሙሉ የወጣው የጉዞ ገንዘብ ተደምሮ የአንድ አውቶቡስ ሹፌር የዓመት ደመወዝ አይሞላም። መስመሩ የተጣመረው በጉዞ ምክንያት አይደለም ማለት ነው። የጠበቅሁትን ያህል ሰው አልወደደውም። ሃዋይን ያመጣው ሰውዬ "የደበቁት ይኖራል" አለ። ይኖር ይሆናል፣ ጥያቄው ክፍት ነው፣ ይላክና ይየው።

ቢሮው ቢያስቸግራችሁስ? ጠበቃ ከመፈለጋችሁ በፊት የስቴቱ የፎያ አማካሪ ምክር ቤት አለ። በ2000 የተቋቋመ ነው፣ ምክሩ ነጻ ነው፣ በስልክም በኢሜይልም ይመልሳሉ። ብዙ ቢሮ እነሱን ኢሜይሉ ላይ ስታስገቧቸው ይለሰልሳል። ካልሆነ ፍርድ ቤት ነው። አቤቱታው በ7 ቀን ውስጥ መሰማት አለበት። እያወቀ ሆን ብሎ የከለከለ ባለሥልጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ከ500 እስከ 2,000 ዶላር ይቀጣል፣ ያውም ከራሱ ኪስ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ፣ የእናንተ ሕግ ሌላ ነው። ሜሪላንድ እስከ 30 ቀን ይሰጣቸዋል፣ ከ10 የሥራ ቀን የሚያልፍ ከሆነ ግን መናገር አለባቸው። ጥሩው ነገር የመጀመሪያው 2 ሰዓት ፍለጋ ነጻ ነው። እንደ እኔ አጥብባችሁ ከጠየቃችሁ ምናልባት አንድ ሳንቲም አትከፍሉም። ዳላስ ያላችሁ ደግሞ ቢሮው ሊከለክላችሁ ከፈለገ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ የቴክሳስን ዐቃቤ ሕግ ማስፈቀድ ይጠበቅበታል። ወጪው ከ40 ዶላር የሚያልፍ ከሆነም ሳትጠይቁ ግምት ሊሰጧችሁ ይገባል። ያንን ቨርጂኒያም ብትቀዳው ደስ ይለኝ ነበር።

ለመክፈል የምትሄዱ ካላችሁ ቼክ ያዙ። ካርድ አይቀበሉም።