በባለሀብት ገንዘብ መሮጥ ወይስ በራስ ገቢ ማደግ?

ጀማሪ ኩባንያ የቱ ይሻለዋል? ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች፣ በባለሀብት ገንዘብ የሮጠው ዊወርክና በራሱ ገቢ ያደገው የኢሜይል ማስታወቂያ መላኪያ ሜይልቺምፕ፣ ጥሩ ማነጻጸሪያ ናቸው።

ወጪ፦ ዊወርክ ሕንፃ ለረጅም ዓመታት ይከራይና ቢሮውን ከፋፍሎ በወር በወር ያከራያል። ደንበኛው ሲያሻው ይወጣል፤ የሕንፃው ኪራይ ግን ይቀጥላል። አዲስ ቅርንጫፍ በተከፈተ ቁጥር ዕዳም አብሮ ይመጣል። ሜይልቺምፕ ግን እስኪሸጥ ድረስ የሚያወጣው ከሚያስገባው ላይ ነበር።

ቅለት፦ ሩጫው ለጊዜው ይመቻል። ገንዘብ አለ፣ ሰው ይቀጠራል፣ ስም ይገናል። ዝግታው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ያሰለቻል። ሜይልቺምፕ በ2001 ሲጀመር ለመሥራቾቹ የጎን ሥራ ነበር።

አደጋ፦ ዊወርክ በ2019 መጀመሪያ 47 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። በዚያው ዓመት አክሲዮን ለሕዝብ ሊሸጥ ሲል ሒሳቡ አደባባይ ወጣና ነገር ተበላሸ። በ2023 ከአበዳሪዎቹ እንዲጠበቅ ለፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ሜይልቺምፕ በ2021 ለሶፍትዌር ኩባንያው ኢንቱይት በ12 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። የአክሲዮን ድርሻ ያልነበራቸው ሠራተኞች ግን ቅር ተሰኝተዋል።

ለማን ይሆናል? ተጠቃሚ በበዛ ቁጥር አገልግሎቱ ራሱ የሚሻሻል ከሆነ፣ እንደ ገንዘብ መላኪያ መተግበሪያ፣ መፍጠን ያዋጣል። እያንዳንዱ ደንበኛ ኪሳራ ይዞ የሚመጣ ከሆነ ግን መጀመሪያ ዋጋውን ማስተካከል ይሻላል። ደንበኛው ከመጀመሪያው ቀን የሚከፍልበት ሥራ ካለ ደግሞ ባለሀብት ፍለጋ መንከራተቱም ላያስፈልግ ይችላል።