«ዛሬ አይመጣም» ብላ እውነቱን ለምትነግረን ልጅ

ሰላም የሐረር ሰዎች! ድሬዎችም ሰላም ናችሁ?

ይህን ጽሁፍ መጻፍ የነበረብኝ ከሁለት ወር በፊት ነበር። የቁርስ ቤት ሥራ ግን ታውቁታላችሁ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ፉል መጣድ፣ ማታ ወገብ ይዞ መተኛት ነው። ዛሬ ጠዋት እናቴ «ልጅቷን አመሰገንሻት ወይ?» ብላ ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀኝ አፈርኩ። ይኸው ተቀምጫለሁ።

የማመሰግናት ልጅ ውሃና ፍሳሽ፣ ደንበኞች አገልግሎት መስኮት ላይ ነው የምትሠራው። ስሟን አልጽፍም። «ሥራዬ ነው፣ ስሜን ተዪው» ብላኛለች። መስኮቷ ጋ ደርሳችሁ የምታውቁ ግን ማን እንደሆነች ወዲያው ይገባችኋል። አንዱን በሐረሪ፣ ቀጣዩን በኦሮምኛ፣ እኔን ደግሞ በአማርኛ ታስተናግዳለች፣ ያውም ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገር ድምፅዋ እንኳን አይለወጥም። ሽማግሌ ሲመጣ ብድግ ትላለች። ሰው እያናገረች ስልክ አታይም። ይህን ሁሉ ዝም ብዬ አልደረደርኩትም፣ ስንት መስኮት ላይ ቆመን አናት ብቻ አይተን እንደተመለስን እናውቃለንና ነው።

ቤታችን ወደ ሐኪም ጋራ የሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ዕይታው ደስ ይላል። ማታ ማታ ጀጎል ከነግንቡ ከታች ተዘርግቶ ይታያል። ውሃ ግን መጨረሻ ነው የሚደርሰን። ታች ያሉት ሮቶ ሞልተው፣ ልብስ አጥበው፣ ግቢ አጠጥተው ሲጨርሱ ነው የእኛ ቧንቧ «ሽሽሽ» ብሎ የሚጀምረው።

መጀመሪያ ቀን የሄድኩት ተናድጄ ነው። «መብራት ከመጣ ሁለት ቀን ሆነው፣ ውሃው የት ሄደ?» አልኳት። ከኋላዬ ስድስት ሰው ተሰልፏል። እሷ አልተቆጣችም፤ «ታገሺ» ብላም አልሸኘችኝም። ያለቀ ደረሰኝ ገልብጣ ጀርባው ላይ ከታች አንድ ክብ ሳለች፣ ከላይ አንድ ክብ ሳለች፣ መሃል ላይ ደግሞ ሌሎች ክቦች ጨመረች። «የታችኛው ድሬዳዋ በኩል፣ ድሬ ጃራ ያለው የውሃ ጉድጓድ ነው። የላይኛው እናንተ ናችሁ» አለችኝ።

በገባኝ መጠን እኔም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህን ካወቅኩ ወዲህ ንዴቴ ግማሹ ቀንሷል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። መሃል ላይ ያለው የሐረማያ አገር ደግሞ ከሐረርም ከፍ ይላል። ውሃን 10 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት አንድ ባር የሚሆን ግፊት ይፈልጋል። 700 ሜትር ማለት እንግዲህ 70 ባር ነው። የከባድ መኪና ጎማ እኮ 8 ባር ቢሆን ነው! ስለዚህ በአንድ ፓምፕ አይሆንም። አንዱ ገፍቶ ማጠራቀሚያ ይሞላል፣ ከዚያ ሌላው ተቀብሎ ይገፋል፣ እንዲያ እያለ ነው ዳገቱን የሚወጣው። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይቆማል። ሲመጣ ግን ሁሉም እኩል አይነሳም፤ የታችኛው ማጠራቀሚያ ሳይሞላ የላይኛው ምን ይግፋ? ከተማ ከደረሰ በኋላም መጀመሪያ ባዶውን መስመር ይሞላል፣ ቀጥሎ ዝቅ ያለው ሰፈር ያገኛል፣ መጨረሻ እኛ። «መብራት ዛሬ መጣ ማለት ውሃ ዛሬ መጣ ማለት አይደለም። የእናንተን ሰፈር ከነገ ወዲያ ሌሊት ጠብቂ። ዛሬ አይመጣም፣ ዛሬ ብዬ አልዋሽሽም» አለችኝ።

ይቺ «አልዋሽሽም» የምትለው ቃል ናት የያዘችኝ። ከነገ ወዲያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ውሃው መጣ።

አንድ ነገር ጨምራ ነበር። ውሃ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው አየር ስለሆነ ቧንቧውን ቧ አድርጋችሁ አትክፈቱ፣ ቆጣሪው በአየርም ይዞራል አለች። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ደፍራሽ ነው፤ እሱን በባልዲ ተቀብላችሁ ለሽንት ቤት አድርጉት፣ ሲጠራ ወደ ሮቶ ልቀቁት። እኔ ለዓመታት ደፍራሹን ሮቶ ውስጥ ስሞላ ኖሬያለሁ። ለካ ከሮቶው ሥር የምጠርገው ጭቃ ከዚያ ነበር!

እናቴ ይህን ሁሉ ስነግራት የሐረማያን ነገር አነሳች። እኔ ልጅ እያለሁ ውሃችን ከዚያ ሐይቅ ነበር የሚመጣው፣ ያኔ ዓለማያ ነበር የምንለው። ሐይቁ በ1990ዎቹ ደረቀ። ውሃ ሲቆም ትዝ ይለኛል፤ በአህያ የሚመጣ ጀሪካን ለመግዛት እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ዓሣ ሲወጣበት የነበረው ሐይቅ ከብት ሲግጥበት አይተናል። አሁን እንደገና ውሃ ይዟል፤ በዚያ ስናልፍ እናቴ ሁልጊዜ መስኮት በኩል መቀመጥ ትፈልጋለች። ውሃ የሚያልቅ ነገር መሆኑን ያየ ሰው ቧንቧ ሲንጠባጠብ እንቅልፍ አይወስደውም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ዘንድሮ በጥር የመጣብን ሂሳብ ያስደነግጣል። ቁርስ ቤቱ የራሱ ቆጣሪ አለው፣ ይሄ የቤት ነው። ቤት ያለነው ሦስት ሰው ነን። ከዚያ በፊት አንድ የቧንቧ ሠራተኛ አስመጥቼ ነበር፣ ማን እንደሆነ ይቅር። ሦስት ቦታ ሲሚንቶ አስፈልጦ፣ ሦስቱም ቦታ ደረቅ አፈር ተገኝቶ፣ ብሩን ተቀብሎ ሄደ። እኔ ቆጣሪው ተበላሽቷል ብዬ ወሰንኩ። ቀይሩልኝ ለማለት ነበር ወደ ልጅቷ የሄድኩት።

«እንቀይርልሽ ይሆናል፣ መጀመሪያ ግን አንድ ሌሊት ስጪኝ» አለች። ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ሁሉንም ቧንቧ ዝጊ፣ የሮቶውን ማስገቢያም ዝጊ፣ ከመተኛትሽ በፊት ቆጣሪውን በስልክ ፎቶ አንሺው፣ ስትነሺ ድገሚው። ቁጥሩ ሌላ፣ መሃል ላይ ያለችውን ትንሿን ቀይ ኮከብም እያት፤ ሁሉ ተዘግቶ እሷ ከዞረች ውሃ እየሄደ ነው።

አደረግኩት። በባትሪ አጎንብሼ ሳየው ኮከቧ ዝግ ብላ ትዞራለች። ሁሉ ተዘግቷል፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ እሷ ትዞራለች። ሆዴ ባባ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት 620 ሊትር ሄዷል። በቢጫው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 31 ጀሪካን ማለት ነው! እናቴ በስንት ስስት በጆግ እየቀዳች የምትታጠበው ውሃ።

ፎቶውን ስወስድላት አየችውና አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። «ግቢሽ ውስጥ በበጋ ለብቻው የሚለመልም ነገር አለ?»

ዘይቱኗ! ከበሩ በስተቀኝ ያለችው ዘይቱን። ጥር ላይ ሁሉም ቅጠል አመድ ሲመስል እሷ አረንጓዴ ሆና ታበራለች። እኛ እኮ «ይቺ ዛፍ በረካ አላት» እያልን ነበር።

በማግስቱ አንድ ቴክኒሻን ላከችልን። እሱንም አመሰግነዋለሁ። ፌሮ ብረት ይዞ መጣ፣ ሌላ ምንም ማሽን አልያዘም። አንዱን ጫፍ ቧንቧው ላይ ጣል አደረገው፣ ሌላውን ጆሮው ላይ። ዓይኑን ጨፈነ። ልጄን «ዝም በይ» የሚላት በእጁ ነው። ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ደገመ። ዘይቱኗ ሥር ሲደርስ ቆመና ብረቱን ለእኔ ሰጠኝ። ጆሮዬን ሳስጠጋ፣ ወላሂ፣ ሩቅ አገር ዝናብ እንደሚዘንብ ነው የሚሰማው። አንድ ቦታ ብቻ ቆፈረ፣ ክንድ የማይሞላ ጥልቀት። የዛፏ ሥር መጋጠሚያውን ገፍቶ ከፍቶታል። አሮጌውን የብረት ቧንቧ ቆርጦ በፕላስቲክ ቀየረው፣ ከሥሩም አርቆ አሳለፈው፣ ዛፏንም አልነካብንም። «ይሄ ከቆጣሪ ወዲህ ስለሆነ የእናንተ ነው፣ ቀጥሎ እንዳይቸግራችሁ የሆነበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት» ብሎ አስረዳኝ። ሻይ እንኳን በግድ ነው የጠጣው።

ሂሳቡን ግን ከፈልኩ፣ ውሃው በቆጣሪ አልፏልና። ልጅቷ ይህንንም አልሸፋፈነችም። «ይቅር ይባልልሻል ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም፣ በየወሩ ከፋፍለሽ እንድትከፍዪ ግን ማመልከቻ ጻፊ» አለች። ጻፍኩ፣ ተፈቀደልኝ። በሚቀጥለው ወር ሂሳባችን ወደ ድሮው ተመለሰ።

አሁን ደግሞ የመንገዱን ነገር ስሙኝ፣ ምክንያቱም እናቴ የማትረሳት በውሃው ሳይሆን በዚህ ነው።

መስኮቷ አጠገብ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ትለጥፋለች። ከላይ ውሃ፣ ከሥር መንገድ። «ለምን መንገድ?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። ሠራተኞቻቸው ወደ ታች ሲወርዱ ሲወጡ የሚያዩትን ይነግሯታል፣ እሷ ትጽፈዋለች፣ አለቀ። ሰፈር ውስጥ ቧንቧ ሲቀየር የቱ መንገድ እንደሚቆፈር፣ ባጃጅ በየት እንደሚዞር፣ ደንገጎ ላይ ጭጋግ ይኑር ናዳ ይኑር። ስልክ ቁጥር ለሰጣት ሰውም መልእክት ትልካለች።

ባለፈው ነሐሴ እናቴ ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ መሄድ ነበረባት። አውሮፕላኑ ከድሬዳዋ 8 ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው። እንደ ወትሮው ከሆነ ሚኒባስ በሰዓት ገደማ ያደርሰናል፣ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ብንወጣ ይበቃናል ብለን ነበር። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እንዲህ ይላል፦ «ደንገጎ ጠመዝማዛው ላይ ከባድ መኪና ተጋድሟል። ጭቃም ወርዷል። በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚያሳልፈው። በረራ ያላችሁ አሁኑኑ ውጡ።»

ፉሉን ለረዳቴ ትቼ ወጣን። ደንገጎን ለሚያውቅ ማስረዳት አያስፈልግም። ላላወቃችሁ፣ ከደጋው ወደ ድሬ ሜዳ የሚወርድ ገደል ላይ የተጠመጠመ አስፋልት ነው፤ ክረምት ላይ ጭጋጉ ከፊት ያለውን መኪና መብራት ብቻ ያስቀርልሃል። ከአወዳይ ጫት ጭነው የሚከንፉት መኪኖች እንኳን ያን ቀን ተሰልፈው ቆመው ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ቆመናል። እናቴ ዳዊቷን ስትደግም፣ አጠገቧ የተቀመጡት ሐጂ መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ፣ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ሹፌሩ ደግሞ በየአምስት ደቂቃው ወርዶ ዓይቶ ሲመለስ። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ስንደርስ 6 ሰዓት ከሩብ ነበር። በራሳችን ሰዓት ወጥተን ቢሆን አልደረስንም። ያ ቀጠሮ ቢያልፍ ስንት ወር እንደምንጠብቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። እናቴ አሁን በራሷ ዓይን አይታ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለዚህ ጥቆማዬ ይሄ ነው። የውሃ ጉዳይ ካላችሁ ለጎረቤት አታማርሩ፣ መስኮቷ ጋ ሂዱ። የደንበኛ ቁጥራችሁ ያለበትን ማንኛውንም የድሮ ደረሰኝ ያዙ፣ የቆጣሪውንም ፎቶ ከሌሊቱና ከጠዋቱ ያዙ፤ ያለዚያ ነገ ተመለሱ መባሉ አይቀርም። የወሩ መጨረሻ ወረፋው ብዙ ነው፣ ከወሩ አጋማሽ በፊት ጠዋት ይሻላል። መንገድ ላይ የሚፈስ ውሃ ካያችሁ ሰፈሩንና አጠገቡ ያለውን ነገር፣ መስጊድ ይሁን ወፍጮ ቤት፣ ለይታችሁ ንገሯት። «እዚያ ማዶ» ብላችሁ አትደውሉ። ስልክ ቁጥራችሁን ደግሞ መዝገቧ ላይ አስጽፉ። ለአለቆቿም አንድ ነገር ልበል፦ ይህችን ልጅ ከመስኮቱ አታንሷት፤ ብታነሷትም ያን ወረቀት የሚጽፍ ሰው ተክታችሁ ይሁን።

ባለፈው ሳምንት ከዚያችው ዛፍ ዘይቱን ለቅሜ በፌስታል ይዤላት ሄጄ ነበር። አልቀበልም አለች። በኋላ እሺ ብላ ተቀበለችና ወረፋ ላይ ለነበሩት እናቶችና ልጆች አንድ አንድ አደለችው። ለራሷ አንዷን አስቀረች፣ ጠረጴዛዋ ላይ ከማኅተሙ አጠገብ።

ዛሬ 10 ሰዓት ላይ በዚያ ሳልፍ ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ሸዋ በር አካባቢ ሐሙስ ሌሊት፣ የእኛ ዳገት ዓርብ ሌሊት ይላል። ደንገጎ ሰላም ነው፣ ጠዋት ጠዋት ግን ጭጋግ አለ። ሮቶ ማጠብ የምትፈልጉ ከነገ ጀምሩ።