የጠቆረው ብር ወይስ የተወለወለው? ሐረር ጀጎልና ድሬዳዋ ከፊራ ለሚገዙ

ሁለት ማርትሬዛ (የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የድሮ የብር ሳንቲም) ጎን ለጎን ቀርቦልዎት አንዱ እንደ መስታወት ካበራ፣ ሌላው ከጠቆረ፣ ለስብስብ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ጥቁሩ ነው። ሻጩ ከፍ አድርጎ የሚጠራው ግን የሚያበራውን ነው።

ብር ሲታተም ከመሃል ወደ ጠርዝ ስለሚገፋ ገጹ ላይ ለዓይን የማይታዩ ቀጫጭን መስመሮች ይቀራሉ። ያልተነካ ሳንቲም ዘንበል ሲያደርጉት ነጸብራቁ እንደ ጋሪ ጎማ የሚዞረው በእነሱ ነው። አመድ፣ አሸዋ ወይም የጥርስ ሳሙና መስመሮቹን ይልጣቸዋል፤ ያበራል፣ ነጸብራቁ ግን አይዞርም፣ ከዚያ ወዲያም አይመለስም። ጥቁረቱ በአንጻሩ ብሩ ከሰልፈር ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ሽፋን ነው፤ ስስ እስከሆነ ድረስ ከሥሩ ያለው ገጽ ደህና ነው።

በአንድ አምፖል ሥር፣ 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ይዩት። ጭረቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተደረደረ በጨርቅ ተፈትጓል፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የመጣ ጭረት ግን ወደየአቅጣጫው ነው። ምስልና ጽሑፍ የሌለበት ሜዳው ነጭ ሆኖ በፊደላቱ ሥር ብቻ ጥቁረት ከቀረም ተወልውሏል። ሎሚ ጭረት ባይተውም ሲደጋገም ገጹን ያደበዝዛል።

የተበሳው ቢያንስ አይዋሽም፤ የአንገት ጌጥ እንደነበር ቀዳዳው ይናገራል። የሚያሳስበው ቀዳዳው የተደፈነበት ወይም የማንጠልጠያ ጆሮው ተነቅሎ ብየዳው የተሞረደው ነው። ጠርዙን ዙሪያውን ያዙሩት፤ ጎላ ብለው የተጻፉት የላቲን ፊደላት አንድ ቦታ ከተቋረጡ ምክንያቱን ይጠይቁ። ከዚያ ሚዛን፦ ደህናው ማርትሬዛ 28.07 ግራም ገደማ ነው።

የጉዳቱ ዋጋ ግን እኩል አይደለም። ገበያ ላይ ያለው ማርትሬዛ መቼም ይታተም ሁሉም ማለት ይቻላል 1780 ይላል፤ ቪየና ዛሬም ያትመዋል። ከክብደቱ ከሺህ 833 እጁ ብር ስለሆነ የተበሳውም የተፈተገውም በውስጡ ካለው 23.4 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር ዋጋ ብዙም አይወርድም። ጆሮው የተነቀለውን በሚዛን ይግዙ፣ ከዚያ በላይ አይክፈሉ። ፓሪስ የታተመው የምኒልክ ብር በክብደትም በብር መጠንም ከማርትሬዛ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ዋጋው ግን ከብርቅነቱና ከገጹ ስለሚመጣ አንድ ቀዳዳ ብዙውን ይበላዋል። ለሳንቲም ደረጃ የሚያወጡት ኤንጂሲና ፒሲጂኤስ የተባሉ ድርጅቶችም ክፉኛ ለታጠበ ሳንቲም የደረጃ ቁጥር አይሰጡም፣ መታጠቡን ይጽፉበታል። የሐረር አሚሮች ትናንሽ ሳንቲሞችማ ስሶች ናቸው፤ አንድ ጊዜ መፈተግ የዓረብኛውን ጽሑፍ ያጠፋል።

ከገዙ በኋላ ሙጫ፣ ቅባት ወይም ከለስላሳ ፕላስቲክ የመጣ አረንጓዴ ዝልግልግ ካለበት ንጹሕ አሴቶን ይበቃል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሁን፤ ሽቶና ዘይት አለበት። በብርጭቆ፣ ከከሰልና ከእሳት ርቀው፣ አየር ባለበት ቦታ 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉት፤ በተጣራ ውሃ ያለቅልቁ፣ ሳያሹ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን አድርገው ያድርቁ። ጥቁረቱን አሴቶን አይነካውም፣ እርስዎም አይንኩት።