የማትኮት ራኬት ልትገዙ ነው? ፕላስቲኩ፣ እንጨቱና ካርቦኑ ሲነጻጸሩ

ሙቀቱ ሲገባ ከአሽዶድ እስከ ነታኒያ ባሉት የባሕር ዳርቻ ኪዮስኮች ደጃፍ የማትኮት ራኬቶች ተንጠልጥለው ይታያሉ። ሱፐርማርኬትም አሉ፣ የስፖርት ዕቃ መደብርም አሉ፣ ኢንተርኔት ላይማ ማለቂያ የላቸውም። ዋጋቸው ከጥቂት አስር ሸቀል ተነስቶ ብዙ መቶ ሸቀል ይደርሳል። ሁሉም ሁለት ራኬትና አንድ ኳስ ነው። ታዲያ ገና መጫወት ልትጀምሩ ከሆነ የትኛው ይሻላችኋል?

መልሴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ክብደቱ መካከለኛ የሆነ፣ በደንብ የተሠራ የእንጨት ጥንድ ግዙ፤ ካርቦን (ከስስ የካርቦን ክሮች የሚሠራውን ውድ ራኬት) ባለመግዛታችሁ ከተረፋችሁ ገንዘብ ላይ ጥቂቱን ደግሞ ጥሩ ኳስ ላይ አውሉት። ምክንያቱን ረጋ ብለን እንየው።

ማትኮትን ለማታውቁት፦ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ትንሽ የጎማ ኳስ በራኬት ይቀባበላሉ። መረብ የለም፣ መስመር የለም፣ ነጥብ የለም፣ አሸናፊም የለም። የሚፈለገው ኳሷ አሸዋ ሳትነካ ረጅም ጊዜ እንድትቆይ ብቻ ነው። ከፊታችሁ የቆመው ሰው ባልደረባችሁ ነው፤ እሱ ኳስ ካመለጠው ጨዋታው ለሁለታችሁም ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ ራኬት ስትመርጡ "ለእኔ እጅ ይመቻል ወይ?" ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ "ይህ ራኬት ለዚያኛው ሰው ምን ዓይነት ኳስ ይልክለታል?" ብላችሁም ጠይቁ። ከሁለታችሁ ደከም ያለውን ተጫዋች እያሰባችሁ ግዙ። ሁለቱም ራኬቶች አንድ ዓይነት ይሁኑ። አንዱ ከባድ ሌላው ቀላል ከሆነ አንዱ ሁልጊዜ ይመታል፣ ሌላው ሁልጊዜ ይሮጣል፣ ሁለታችሁም አትማሩም።

የኪዮስኩ ርካሽ ዕቃ

ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ፕላስቲክ ነው፣ ወይ ደማቅ ሥዕል የታተመበት ስስ ኮምፔርሳቶ። ፕላስቲኩ ኳስ ሲያርፍበት ይለመጣል። መሃሉን ብትመቱም ዳሩን ብትመቱም ስሜቱ ያው ነው፤ እጃችሁ ትክክለኛውን ምት ከስህተቱ መለየት አይችልም፣ ካልለየ ደግሞ አይማርም። ለአምስት ስድስት ዓመት ልጅ ግን እሱኑ ግዙለት። ቀላል ነው፣ እግር ላይ ቢወድቅ አያሳምምም፣ ማዕበል ውስጥ ቢጥለውም አይበላሽም።

ስሱ ኮምፔርሳቶ ከፕላስቲኩ ይሻላል፤ ድክመቱ ዕድሜው ነው። ጠርዙ ስለማይሸፈን የባሕሩ ውሃ በዚያ ገብቶ ንብርብሩን ያላቅቀዋል፣ እጀታውም ላብ ሲነካው ይንሸራተታል። እንግዳ መጥቶላችሁ አንድ ቅዳሜ ባሕር ልትወርዱ ከሆነ ይበቃል። መማር ከፈለጋችሁ ግን አይበቃም። አብሮት የሚመጣው ኳስ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ፕላስቲክ ስለሆነ ነፋስ ይወስደዋል፤ እሱን ቤት ተዉት።

እንጨቱ

ቴል አቪቭ ጎርደን ወይም ፍሪሽማን ዳርቻ ቅዳሜ ከሰዓት ያለፈ ሰው ይህን ያውቃል፤ ኳሷን ሳያይ በፊት ጧ ጧ የሚለውን ይሰማል። ያ ድምፅ የእንጨት ነው፣ ለጀማሪ ደግሞ አስተማሪ ነው። መሃል የተመታ ኳስ ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል፤ ዳር ሲያርፍ ድምፁ ይታፈናል፣ እጀታውም መዳፋችሁን ይነዝራችኋል። ማንም ሳይነግራችሁ ስህተታችሁን እዚያው ታውቁታላችሁ። ለጀማሪ እንጨት ግዙ የምለው ርካሽ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲህ የሚያስተምር ሌላ ራኬት ስለሌለ ነው።

ደህና የእንጨት ራኬት ከአንድ ወፍራም ጣውላ አይቆረጥም። ስስ የእንጨት ንጣፎች መስመራቸው እየተጠላለፈ በኮላ ተጣብቀው ነው የሚሠራው፤ እንዲህ የሆነው እርጥበትና ፀሐይ ሲፈራረቁበት በቀላሉ አይጣመምም። ሱቅ ውስጥ ጠርዙን በደንብ እዩት፤ በንጣፎቹ መካከል ክፍተት ካለ ተዉት። ሁለቱን ራኬቶች ፊት ለፊት ግጠሟቸውና ከጎን ወደ መብራት ያዟቸው። አንደኛው ከተጣመመ በመሃላቸው ብርሃን ይሾልካል። ቫርኒሹ ጠርዙን ጭምር መሸፈኑንም አረጋግጡ፣ ውሃ የሚገባው በዚያ ነውና።

ክብደቱ ላይ በእኔ አስተያየት ለአዋቂ ጀማሪ ከ350 እስከ 400 ግራም ጥሩ ነው። ከዚያ ሲከብድ ኳሱ በኃይል ይሄድላችኋል፤ ነገር ግን ድንገት ወደ ደረታችሁ ለሚመጣ ኳስ እጃችሁ ይዘገያል፣ ትንሽ እንደተጫወታችሁም አንጓችሁና ክርናችሁ ይሰማችኋል። ማሸጊያው ላይ ግራሙ ካልተጻፈ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ራኬቱን በደረታችሁ ልክ ለአንድ ደቂቃ ያዙት። እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ለእናንተ ከባድ ነው፤ ሻጩ የፈለገውን ይበል። ፈተናውን አብሯችሁ የሚጫወተውም ሰው ይሞክረው። እናትና ልጅ፣ ባልና ሚስት አብረው የሚጫወቱበት ዕቃ ስለሆነ የአንዱ እጅ ብቻ መወሰን የለበትም።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ከባሕር ስትመለሱ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጥላ ላይ አድርቁት። የተላጠ ቦታ ካለ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳችሁ ቫርኒሽ ቀቡት። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ግን አትተዉት፤ ሙቀቱ የሚያጣብቀውን ኮላ ያደክመዋል።

ካርቦን ፋይበሩ

ውድ ነው፣ ያምራል፣ ለሚችልበት ሰው ደግሞ በእውነት ድንቅ ዕቃ ነው። ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ በትንሽ የእጅ እንቅስቃሴ ኳሱ ይወረወራል። በማትኮት የቆዩ ጥንዶች ሥራ ይከፋፈላሉ፤ አንዱ አጥብቆ ይመታል፣ ሌላው ያንን ምት ተቀብሎ ለባልደረባው እንዲመች አድርጎ ይመልሳል። ለእነሱ ካርቦን ገንዘቡን ያዋጣል።

ለጀማሪ ችግሩ ፍጥነቱ ነው። እስቲ እናስላው። በ8 ሜትር ርቀት ቆማችሁ ኳሷ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ባልደረባችሁ ጋ ለመድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ከሄደች ግማሽ ሰከንድ ነው። አሁን ኳሷ ከራኬታችሁ አምስት ዲግሪ ብቻ ዘንበል ብላ ብትወጣ እዚያ ስትደርስ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትስታለች። ባልደረባችሁ አንድ ሰከንድ ካለው አንድ እርምጃ ተራምዶ ስህተታችሁን ያርመዋል፤ ግማሽ ሰከንድ ካለው አሸዋ ላይ ኳስ መልቀም ነው ሥራው። ካርቦን በእጃችሁ ያለውን ስህተት አይጨምረውም፣ ሌላው ሰው የሚያርምበትን ጊዜ ግን ይወስድበታል።

ውሃ እንጨትን እንደሚጎዳው ካርቦንን አይጎዳውም፤ ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ድንጋይ ላይ ከወደቀ ግን ጠርዙ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ስንጥቁም ሁልጊዜ በዓይን አይታይም።

በእንጨትና በካርቦን መካከል ፋይበር ግላስ (ከመስታወት ክር የሚሠራ) አለ። ከእንጨት ይፈጥናል፣ ከካርቦን ይለሰልሳል፣ ዋጋውም መሃል ላይ ነው። በእንጨት ተምራችሁ ኳሷን ያለ ጭንቀት ማቆየት ስትችሉ ቀጣዩ እርምጃ እሱ ቢሆን ጥሩ ነው።

ኳሱን አትናቁት

ሰው ራኬት ላይ ሰዓት ሙሉ ያስባል፣ ኳሱን ሳያይ ይገዛል። ለጀማሪ ግን ልዩነቱን የምታዩት ከራኬቱ ይልቅ በኳሱ ነው። ስኳሽና ራኬትቦል በግድግዳ በተከበበ ሜዳ በራኬት የሚጫወቱባቸው ጨዋታዎች ናቸው፤ ኳሶቻቸው ለማትኮትም ያገለግላሉ። የስኳሽ ኳስ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 24 ግራም ገደማ ክብደት አለው፤ ትንሽ ስለሆነ ለመምታት ያስቸግራል፣ ለማየትም ዓይን ይፈልጋል። የራኬትቦል ኳስ ስፋቱ 5.7 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 40 ግራም ገደማ ነው። ተለቅ ስለሚል ዓይን ይከተለዋል፣ ከበድ ስለሚል ነፋስ እንደፈለገ አይነዳውም። ስትጀምሩ ይህንን ግዙ፤ ቀለሙም ከሰማዩና ከአሸዋው የሚለይ ይሁን።

ሌላ የማይነገር ነገር አለ። እነዚህ ኳሶች ውስጣቸው አየር ነው፣ ስለዚህ ሲሞቁ በኃይል ይነጥራሉ። እኩለ ቀን ላይ እጃችሁን አልታዘዝ ያለው ኳስ ወደ ማታ ይገራል። ሁለት ኳስ ይዛችሁ ሂዱና አንዱን ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፤ እየተጫወታችሁበት ያለው ሲያስቸግር ቀይሩት።

ተመሳስለው የሚሸጡ

ቢች ቴኒስ ሌላ ጨዋታ ነው። ከፍ ያለ መረብ አለው፣ ነጥብ አለው፣ ተሸናፊ አለው። ራኬቱ ቀዳዳ ያለውና ውስጡ ስፖንጅ መሰል ነገር የተሞላ ሲሆን የተሠራውም ለለስላሳ የቴኒስ ኳስ ነው። የፓድል (በግድግዳ በተከበበ ሜዳ የሚጫወቱት የቴኒስ ዘመድ) ራኬትም እንደዚሁ ነው። ቅናሽ ስላለ ብቻ ለማትኮት ብላችሁ አትግዟቸው፤ የጎማው ኳስ ሲያርፍባቸው ስሜቱ ይሞታል።

የብራዚሉ ፍሬስኮቦል ግን የማትኮት የቅርብ ዘመድ ነው። በ1940ዎቹ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ኮፓካባና ዳርቻ የተጀመረ ሲሆን እዚያም ሁለቱ ተጫዋቾች የሚተባበሩ ናቸው። በውድድር ጊዜ እንኳ ዳኞች ነጥብ የሚሰጡት ለጥንዱ በጋራ ነው። ራኬቱ ቅርጹም ክብደቱም ለማትኮት ይሆናል፣ ጥሩ ጥንድ ካገኛችሁ ሳታመነቱ ግዙ። ግሪኮች ደግሞ ራኬቴስ የሚሉት አላቸው፤ ብዙ ጊዜ ጸጉሩ ባለቀ የቴኒስ ኳስ ነው የሚጫወቱት።

ከመግዛታችሁ በፊት የራኬቶቹን ብዛትና ዓይነት በዓይናችሁ ማየት የምትወዱ ከሆነ ቴል አቪቭ ነቬ ጼዴቅ ሰፈር ውስጥ የማትኮት ሙዚየም ተብሎ የሚታወቅ የአንድ ሰው የግል ስብስብ አለ። የቤቱ ግድግዳ ራኬት በራኬት ነው።

ገዝታችሁ ስትወርዱ

መጀመሪያ በአራት ሜትር ርቀት ቁሙ፣ ኳሷን በቀስታ አቀባበሉ፣ እየለመዳችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ራኬቱን ዝቅ አድርጋችሁ አትጠብቁ፤ በደረት ልክ ከፊታችሁ ይሁን፣ ጉልበታችሁም ትንሽ ይጠፍ። የምትመቱት ኳስ የባልደረባችሁ ደረት ላይ እንዲደርስ ሞክሩ፣ ለመመለስ የሚቀለው ያ ነውና። ዘወር ብሎ ኳስ ካነሳ በኋላ ትንፋሹን ሳይሰበስብ አትምቱበት።

የእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ስለሆነ አንዳችሁ በሰሜን አንዳችሁ በደቡብ ሆናችሁ ውሃው ጠርዝ ላይ ብትቆሙ ስትጠልቅ ፀሐይዋ ለሁለታችሁም በጎን ትሆናለች። አሸዋውም እዚያ ስለሚጠነክር እግር አይሰምጥም። ከሰዓት ነፋሱ ከባሕሩ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ኳሷን ትንሽ ወደ ውሃው በኩል አድርጋችሁ ብትመቷት ነፋሱ ራሱ ይመልስላችኋል። ሕፃናት የሚሮጡበትና ሰው የተኛበት ቦታ ግን ራቁ፣ ጠንካራ የጎማ ኳስ ዓይን ያጠፋል። ጠባቂው በድምፅ ማጉያ ከጠራችሁም ወዲያው ቦታ ቀይሩ።

ያገለገለ ለመግዛት ካሰባችሁ እንጨት ይሁን፤ ጉዳቱ በዓይን ይታያል፣ የላላውን የእጀታ ጥቅልል በጥቂት ሸቀል ትቀይሩታላችሁ። ያገለገለ ካርቦን ከቀረበላችሁ ደግሞ ፊቱን በጣታችሁ ጫፍ ከዳር እስከ ዳር አንኳኩት። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ከተለወጠ ውስጡ ተላቅቋል፣ በግማሽ ዋጋም ቢሆን አትውሰዱት።