ለአረጋውያን የብርድ ሌሊት ምን እንግዛ? ከሰል፣ ሂተር ወይስ አልጋ የሚያሞቅ ዕቃ

አዲስ አበባ ላይ ሌሊቱ አጥንት ድረስ የሚዘልቀው የክረምቱ ዝናብ ካለፈ በኋላ፣ ሰማዩ ሲጠራ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ፀሐያማ ሆኖ ሳለ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ደግሞ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ገና በምሽቱ ያባክነዋል።

እናቴን «በረደሽ?» ብዬ ስጠይቃት መልሷ ሁልጊዜ «ኧረ ደህና ነኝ» ነው። እጇን ስይዘው ግን በረዶ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ብርዱን በጊዜ አያውቅም፣ መንቀጥቀጡም ይቀንሳል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምመክረው ግዢ ርካሽ የክፍል ቴርሞሜትር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በብርድ ወቅት ቤት ውስጥ ቢያንስ 18 ዲግሪ እንዲኖር ይመክራል፤ ለአረጋውያን ከዚያም ከፍ ማለት ሊያስፈልግ ይችላል።

ከሰልን ከምርጫው አወጣዋለሁ። ብዙ ሰው ጭሱ አልቆ ፍሙ ከቀላ በኋላ ምድጃውን ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ምንም አይደለም ብሎ ያምናል። ገዳዩ ግን ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከቀላው ፍም ይወጣል፣ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታቱንና ድካሙን አረጋውያን እንደ እርጅና ቆጥረው ይተኛሉ። መስኮት ገርበብ ማድረግም ሙቀቱን ያስወጣል እንጂ ደኅንነትን አያረጋግጥም። በዚህ ጉዳይ መሃል መንገድ የለኝም፤ ሰው በሚተኛበት ክፍል ከሰል አይገባም።

ወደ ኤሌክትሪክ ሂተር ስንመጣ፣ ሻጮች «ይኼኛው ቆጣቢ ነው» ሲሉ አትመኑ። 2,000 ዋት የሚወስድ ማንኛውም ሂተር የሚሰጠው ሙቀት መጠኑ አንድ ነው፤ ልዩነቱ አሰጣጡ ላይ ነው። ባለ ማራገቢያው በደቂቃዎች ውስጥ ያሞቃል፤ ነገር ግን ይጮኻል፣ ሲጠፋም ክፍሉ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ልብስ እስኪለወጥ ድረስ ይበቃል። ቀይ ሆኖ የሚያበራው ደግሞ ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ ነው የሚያሞቀው፤ ጉልበት ይግላል፣ ጀርባ ይበርዳል። እኔን የሚያስፈራኝ የነጠላ ጫፍ ነው። ብርድ የያዘው ሰው ወደ እሳት መጠጋቱ አይቀርምና፣ ሲያንቀላፉ ጥለቱ ቢነካውስ?

ሦስተኛው ዘይት በውስጡ የታሸገበት ባለ ጎማው ሂተር ነው። ለመሞቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ግን ድምፅ የለውም፣ ግልጥ እሳት የለውም፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ ለጥቂት ጊዜ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ዘይቱ አይጨመርም፣ አይለወጥም። ለአረጋውያን ክፍል ከሂተሮች ሁሉ የምመርጠው እርሱን ነው፤ ሙቀቱ ሲበቃ ራሱን የሚያጠፋና ሲወድቅ የሚቋረጥ መሆኑን ግን አረጋግጡ። 2,000 ዋት በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይስባል፤ ቀጭን ማከፋፈያ ገመድ አይችለውም። የእኛ ቤት የመጀመሪያው ማከፋፈያ ቀልጦ የተገኘው ማታ ሳይሆን ቀን መሆኑ አተረፈን። አሁን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ነው የምንሰካው።

ወጪውን ደግሞ አስሉት። ሂተሩ በየሌሊቱ ለ5 ሰዓት ያለማቋረጥ ቢሠራ በወር 300 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ፍጆታ ሲጨምር ታሪፉም ከፍ ይላል። 100 ዋት የሚወስድ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ብርድ ልብስ ግን 8 ሰዓት ሙሉ ቢበራ በወር ከ24 አይበልጥም። በዚህ ምክንያት ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሂተሩን ትታችሁ አልጋውን አሙቁ። ከመኝታ ግማሽ ሰዓት በፊት አብርቶ፣ ሲተኙ ማጥፋት በቂ ነው። ሽቦው እንዳይሰበር አይታጠፍም፤ ሽንት ለሚያመልጣቸው አይሆንም። የስኳር ሕመም እግራቸውን ላደነዘዘባቸው ደግሞ ሙቀቱ ቢያቃጥላቸው አያውቁትምና አልጋ ውስጥ ሳሉ በርቶ መቆየት የለበትም።

ሙቅ ውሃ የሚሞላበት የላስቲክ ከረጢት ከሁሉ ርካሽ ነው፤ መብራት በሌለበትም ያገለግላል። የፈላ ውሃ ሳይሆን ትንሽ የበረደ፣ እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግር ሥር አኑሩት። ላስቲኩ መሰንጠቅ ከጀመረ ይጣል፤ ከሚሞቀው ብርድ ልብስ ጋርም በአንድ ላይ አይሁን።

ጋቢና ቡሉኮ የታወቁ ናቸው፤ በእኔ እምነት ግን ለሌሊት የደብረ ብርሃን የሱፍ ብርድ ልብስ ይበልጣል። ጥጥ እርጥበት ሲይዝ ይቀዘቅዛል፤ ሱፍ እርጥበት ይዞም ያሞቃል።

የሚሞቀውን ብርድ ልብስ ስትገዙ መቆጣጠሪያውን ተጠቃሚዋ ራሳቸው ይሞክሩት። የእናቴ የመጀመሪያው ትንንሽ ቁልፎች ነበሩት፤ ማጥፋት አቅቷት ሌሊት ላብ በላብ ሆና ትነቃ ነበር። የአሁኑ አንድ ትልቅ መዞሪያ አለው፤ በጨለማ በጣቷ ዳስሳ ታጠፋዋለች።